የዘይት ቀን በጅሬን ዳገት

አዲስ ዘይት የተደረገላት መኪና በእርግጥ ትለያለች? ወይስ የሚለየው የሚሰማት ሰው ጆሮ ነው? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። መካኒኮችን ጠይቄያለሁ። አንዱ፣ አሮጌው ዘይት ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ከሆነ አዎ፣ ሞተሯ ትተነፍሳለች፤ ገና ሳይበላሽ ከተቀየረ ግን ምንም አይሰማም አለኝ። ሌላው፣ የዘይት ሥራ ብረት ከብረት እንዳይፋቅ ማድረግ ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ዓመታት ካለፉ በኋላ እንጂ ከጋራዥ እንደወጡ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አይደለም አለ። አንዱ ደግሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀብኝ። “እህቴ፣ ደንበኛ ሁሉ ተለየች ይላል፤ እኔ ምን ቸገረኝ፣ እሰይ እላለሁ።”

በራሴ ለማወቅ አንድ ዕድል አግኝቼ ነበር። ያበላሸሁትም ራሴ ነኝ። እንዴት እንዳበላሸሁት ትዝ ሲለኝ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

አባቴ ሹፌር ነበር። ከጅማ ሸቤ፣ ከሸቤ ጅማ ሰውና ቡና ሲያመላልስ ነው ያረጀው። ከዚያ የዓይን ግፊት ያዘው። በሽታው እንደ ጨዋ እንግዳ ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ፣ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወሰደበት፤ አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። ፒክአፗን ግን አልሸጣትም። ባለ ሁለት ጋቢና ናት፤ ብዙ ዘመን ያየች። ሌላ የሚነዳት ሰው ስላልነበረ፣ ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።

ትምህርትም የገባሁት በዚሁ ዓይነት ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ታማ ተኛች፤ ቤቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ወንድሞቼ ደብተር ይዘው ሲወጡ እኔ እንስራ ይዤ ወጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዛሬ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተጻፈውን ሁሉ ያምናል፣ ያልተጻፈውን ሁሉ ይጠረጥራል። የማታ ትምህርቱን በጀመርኩ ሰሞን አባቴ መጽሐፌን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ፣ “ጥሩ ነው። ሞተር ግን በመጽሐፍ አይሰማም” አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ቃሏን አልጣልኳትም፤ እንደ ሳንቲም ቋጥሬ አስቀመጥኳት።

በእሱ ዘመን ሹፌሮች ዘንድ አንድ ልማድ ነበር። ዘይት የተቀየረላት መኪና ከጋራዥ በቀጥታ ወደ ቤት አትገባም። መጀመሪያ ከጅማ በላይ ያለውን የጅሬንን ዳገት ትወጣለች። አንድ ወዳጅ አብሮ ይሳፈራል። ዳገቱ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ላይ ሲደረስ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ወዳጁ ምስክርነቱን ይሰጣል፤ “ለስልሳለች” ይላል፣ ወይም “ትንፋሿ ተመለሰ።” ምንም አልተለየችም ብሎ የሚመሰክር ወዳጅ የለም። ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው ሐጂ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጅማ ተወልደው ጅማ ያረጁ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡናቸውን ያመላለሰላቸው አባቴ ነው፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአባቴ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ሄደዋል። ራሳቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። በየዘይቱ ቀን ጅሬን ላይ አባቴ “እህስ?” ይላቸዋል። እሳቸውም ኮፊያቸውን እያስተካከሉ፣ “መኪናዋ ያው ናት። ዘይት የተቀባው ልብህ ነው” ይላሉ። አባቴ፣ “ጆሮህ ውስጥ ቡና በቅሏል፤ አስነቅለው” ይላል። ከዚያ ሁለቱም እየሳቁ ወርደው ሻይ ይጠጣሉ። ይህ ጨዋታ ሳይለወጥ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ቀጠለ፤ የተለወጠው መሪውን እኔ መያዜ ብቻ ነው።

ያ ቀን የመጣው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የቡና መኪኖች መንጋጋት ሲጀምሩ ነው። በዚያው ሳምንት አባቴን ልቅሶ ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እጁን ለቅቄ ጫማዬን ሳስተካክል፣ የሟቹ ወንድም መስሎት አንድ የማያውቀውን እንግዳ ሰው አቅፎ አለቀሰ። ሰውየው ግራ ገብቶት ቆመ። ከሴቶቹ ወገን አንዷ፣ “ውይ፣ እሱ አይደለም እኮ” ስትል ሰማኋት፤ አባቴም ሰማ። ወደ ቤት ስንመለስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። ማታ ብቻ፣ ራት ሳይጨርስ እጁን ታጥቦ፣ “ነገ ዘይቷን ትቀይሪያለሽ። ሐጂን ጥሪልኝ” አለ።

ለምን እንደፈለገው ገብቶኛል። ገብቶኝ ነው ያደረግሁት።

በማግስቱ ጋራዡ በጭነት መኪና ተጣቧል። መካኒኩ ከሰዓት ተመለሺ አለኝ። ወጣ ብዬ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኩና ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዝኩ። ዘይቱ ገና የማር መልክ ነበረው። ለነገሩ ዘይቷ ከየት ይጠቁር? ቤተ ክርስቲያን፣ ክሊኒክ፣ ገበያ፤ አልፎ አልፎ ሸቤ። በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ርቀትም ጊዜም አልደረሰም ነበር። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ። ቤት ገብቼ “አባባ፣ ገና ነው” ብለው ያበቃ ነበር።

ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሳልቀይር ቀየርኩ ብለውስ? ይሰማው ይሆን?

ዕውቀት ፍለጋ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ሙከራ አንብቤያለሁ፤ ለሚሞከረው ሰው እውነቱ አይነገረውም። አሁን ግን እንደሆነው ልጻፈው። አባቴ ሲሳሳት ማየት ፈልጌ ነበር። ሞተር በመጽሐፍ አይሰማም ያለኝ ሰው፣ በጆሮም እንደማይሰማ ማየት ፈልጌ ነበር። እሱ ባያውቀውም እኔ ባውቀው ይበቃኝ ነበር።

ያደረግሁትን ሁሉ መጻፍ አለብኝ። ዘንጉን በጣቶቼ አብሼ እጄን ዘይት አስነካሁ፤ አባቴ እጄን ይዞ ነው የሚወርድ የሚወጣው። በጋለው ሞተር ላይ ደግሞ ጠብ አደረግሁበት፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር የምትሸተው ያቺ የተቃጠለች ሽታ እንድትኖር። ሙከራ ይህን አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቀው ማታለል ነው። ለቅያሬው ገዝቼው የነበረውን፣ ያልተከፈተውን የአዲስ ዘይት ጀሪካን ከኋላ ወንበር ሥር ሸሸግሁት፤ ሐጂ ከሚቀመጡበት ሥር።

አባቴ ገና ሲገባ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ፣ “ሸተተኝ፤ ጥሩ” አለ። ሐጂ ከኋላ ገቡ። አባቴ እንደ ልማዱ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ሕመምተኛ ግንባር ላይ እንደሚያደርግ ሰው አሳረፈ። ወጣን። ማንም አላወራም። ወደ ላይ አንድ ጠመዝማዛ አለ፤ ፒክአፗ ሁልጊዜ እዚያ ትደክምና ወደ አንደኛ ማርሽ እመልሳታለሁ። ያን ቀን በሁለተኛ ወጣችው። አልሳለችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ነው የምረግጠው። ጥፋተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይረግጣል። ምክንያቱ ያ ይሁን፣ ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ስለደረቀ ይሁን፣ አላውቅም። አባቴ ፊቱ ሲፈካ ግን አየሁ። ከልቅሶው ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር።

ላይ ደረስን። ሞተሩ እንደበራ ነው።

“እህስ?” አለ አባቴ።

ሐጂ እንደ ወትሯቸው ቶሎ አልመለሱም። ቆይተው ነው፣ “መኪናዋ ያው ናት። ዘይት የተቀባው ልብህ ነው” ያሉት።

አባቴ ስለ ቡና የሚለውን ሳይል ቀረ። “ዓይኔ ነው የሄደው” አለ። “ጆሮዬም ሄዷል ነው የምትለኝ?”

ሐጂ ደነገጡ፤ ያው ጨዋታችን ነው፣ ምን ነካህ አሉት። አባቴ አልሰማቸውም። ያንን ደመና የለበሰ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። “ልጄ ትመስክር። የቀየረችው እሷ፣ የነዳችው እሷ።”

ሁለት ሽማግሌዎች ከአፌ የሚወጣውን ጠበቁ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ጊዜ ነበረኝ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ጀሪካኑ እዚያው ወንበሩ ሥር ሆኖ።

“ትለያለች፣ አባባ” አልኩ።

“ይኸው” አለ ወደ ኋላ ዞሮ። “አንተ ዕድሜህን ሙሉ እኔ ጋቢና ውስጥ የተጫንክ ዕቃ ነህ። ዕቃ ስለ ሞተር ምን ያውቃል?”

ሐጂ በሩን ከፈቱ። “ልክ ነህ” አሉ። “ዕቃ ከደረሰ ይወርዳል።” ወረዱ። በመስተዋቱ ሳያቸው የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ባጃጅ ወደሚቆምበት ይራመዱ ነበር። አባቴ አሁንም መዳፉ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

በራችን ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። ሐጂ በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ ከመግሪብ ሰላት በፊት መጥተው እዚያ ከአባቴ ጋር ይቀመጡ ነበር። በማግስቱ አልመጡም። አባቴ፣ ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል አለ። ሰነበተና፣ እንግዳ መጥቶባቸው ይሆናል አለ። ከዚያ ምንም ማለት ተወ፤ ግን ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ወደ ዳር ጠጋ ብሎ፣ የሐጂን ቦታ ትቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰቶ ሰመሮ የመጣች ሴት፣ ሐጂ ቤታቸውን ዘግተው ሸቤ ልጃቸው ዘንድ እንደገቡ፣ የሚመለሱም እንደማይመስል ነገረችን። አባቴ፣ “የቡና ለቀማ ነው” አላት። 

ዘይቱን ጅሬን በወጣን ማግስት ቀይሬው ነበር። ከነፊልትሮው፣ በሥርዓቱ። ከዚያ ብቻዬን ጅሬን ወጣሁ። ለሰለሰችልኝ፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ወርጄ አስፋልቱ ላይ ስደርስ እርግጠኛ አልነበርኩም። መካኒኩ አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ሰጠኝና ለጎረቤታችን አቀበልኩት፤ ምስጥ እንዳይበላው የአጥሩን ቋሚ ቀባበት። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያ ቋሚ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። አባቴ ያመሰገነው ዘይት እሱ ነው።

ከሁሉ የባሰው ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ነበር። አባቴ ስለ ዓይኑ ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ፒክአፗ ይወስደዋል። “ዘይቷ ደኅና ሲሆን ጅሬንን በሁለተኛ ነው የምትወጣው። እኔ ተቀምጬ ሰማኋት። ልጄ ምስክሬ ናት” ይላል። እኔ ውኃ አቀርባለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። እንግዳው ጨዋነት ይመስለዋል።

ለአባቴ እንዳልነግረው፣ የቀረችውን አንድ ነገር መንጠቅ ሆነብኝ። እንዳልተወው፣ ያቺ የወንበር ቦታ ባዶዋን ትውላለች። መጽሐፍ ውስጥ ብፈልግ ለዚህ የሚሆን ገጽ አጣሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሸቤ ሄጄ ጎደሬ ላምጣ አልኩት። አብሬሽ ልምጣ አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፒክአፗ ውስጥ መግባት ትቶ ነበር።

ሐጂን ያገኘኋቸው ልጃቸው ግቢ ነው። ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ በጣታቸው እየለቀሙ ይጥላሉ። ከስተዋል። ተነሥተው ሳሙኝና፣ “አባትሽ ልኮሽ ነው?” አሉኝ።

አይደለም አልኳቸው። ወደ ለቀማቸው ተመልሰው ቁጭ በይ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። “ሐጂ፣ ያን ቀን ዘይቱ አልተቀየረም ነበር። አዲሱ ዘይት እርስዎ ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ነበር።”

እጃቸው መልቀሙን አላቆመም። “እስቲ ደግመሽ በይው” አሉ።

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። በዚህኛው፣ እጄን ዘይት እንዳስነካሁ፣ ሞተሩ ላይ ጠብ እንዳደረግሁ፣ ለምን እንዳደረግሁትም ነገርኳቸው።

“ታዲያ ለምን በሁለተኛ ወጣች?” አሉ።

“አላውቅም።”

ያን ጊዜ ነው እጃቸው ያረፈው። “ኢንተለ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ነገር ሲጠናባቸው በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ። “እኔም እኮ ሰምቻታለሁ። ወላሂ። ያን ሁሉ ዘመን ስቀልድበት ኖሬ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተለየችብኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የለመደ ምላሴ ቀደመኝ። ዓይኑ ለጠፋ ሰው የሰማሁትን ዱጋ፣ እውነቱን፣ ካድኩት ብዬ ነው እዚህ የተቀመጥኩት። ተቆጥቼ መሰለሽ? አፍሬ ነው።”

 ያመነውም ያላመነውም አንድ ነገር ሰምተዋል፤ ዘይቱ ግን ያው ነበር። ሐጂን ሳቅ ጀመራቸውና መልሰው ዋጡት።

“አንቺ ግን መጥፎ ሠራሽ” አሉ።

“አዎ፣ ሐጂ።”

“በጣም መጥፎ።”

“አዎ።”

ያጽናኑኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላጽናኑኝም። ጥቂት ፍሬ ለቅመው ጣሉ፤ ከዚያ፣ ለአባቴ እነግረው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። “ትነግሪዋለሽ” አሉ። “ዛሬ ግን አይደለም። መጀመሪያ እኔ አጠገቡ ልቀመጥ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ጎኑ ባዶ መሆን የለበትም።”

እስካሁን አልነገርኩትም። ለአባቴ የሚነበበውን ሁሉ የማነብለት እኔ ነኝ፤ ይህንንም የጻፍኩት ሐጂ ከጎኑ ተቀምጠው ላነብለት ነው። ቀኑን እሳቸው ይመርጣሉ።

ያን እሑድ ሐጂ ቤት ገብተው ኮፊያቸውን ለውጠው፣ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው መጡ። ልጃቸው አንድ ጆንያ ጎደሬ ከኋላ ጫነልኝ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸው በፊት ግን ጎንበስ ብለው ወንበሩ ሥር አዩ። አንገቴ ድረስ ቀላሁ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ በመስተዋቱ ውስጥ እጃቸውን አነሡብኝ። ዳገት ላይ ነበርን። ዳገቱ ካለቀም በኋላ ዝም እንዳልን፣ እኔ ሞተሩን እየሰማሁ፣ እሳቸው ምን እንደሚሰሙ ሳላውቅ፣ ጅማ ገባን።

አባቴ አግዳሚ ወንበሯ ላይ፣ ወደ ዳር ጠጋ ብሎ ተቀምጦ ነበር። በሩ ላይ እንዳቆምኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ራሱን ዘንበል አደረገ።

“ጭነት አለሽ” አለ። “ከሥር ባሌስትራው ጮኸ።”

እኔ መልስ ሳልሰጥ ከኋላዬ መስኮቱ ወረደ።

“አለ” አሉ ሐጂ። “አንዱ ጎደሬ ነው። ሌላው እኔ ነኝ።”

አባቴ ራሱን ወደ ድምፁ አዞረ። ከዚያ በመዳፉ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ጠረግ ጠረግ አደረገው።

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?” አለ። “ዕቃ ከደረሰ ይወርዳል።”